ከአንድ ማማ ሁሉም እንዲያነሳ፦ ክሮካምቡሽ ለደጋው ድግስ

ክሮካምቡሽ ሎሚ የሚያካክሉ፣ ውስጣቸው ክፍት የሆነ ትንንሽ ኬኮች በክሬም ተሞልተው፣ በቀለጠ ስኳር እየተጣበቁ እንደ መሶብ ክዳን ወደ ላይ እየሾጠጡ የሚደረደሩበት የድግስ ጣፋጭ ነው። ስሙ ፈረንሳይኛ ሲሆን «አፍ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ» እንደ ማለት ነው። በፈረንሳይ በሠርግና በክርስትና ድግስ ላይ ይቀርባል። ዝናውን ከፍ ካደረጉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1833 የሞተው ባለሙያ አንቶናን ካሬም ነው፤ ይህ ሰው ጣፋጭን እንደ ሕንፃ እያነጸ በማቅረብ ይታወቃል። ኳሱን ብቻውን ጣሊያኖች «ቢኜ» ይሉታል።

ብዙ ሰው ይህን ማማ በስልኩ አይቶ ለሠርግ ወይም ለምርቃት ሊሞክረው ያስባል። ቪዲዮው ግን ስለ አጅባርና ስለ መካነ ሰላም ደጋ፣ መብራት ስለሚጠፋበት ቤትና ስለ ጾም ቀን አይነግራችሁም። ወደ 20 የሚጠጋ እንቁላልና አንድ ኪሎ ስኳር ከባከነ በኋላ ከማዘን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ለዚህ ነው ይህን ያዘጋጀነው።

ለወሎ ድግስ ለምን ይሆናል?

በእኛ አካባቢ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ታርዶ ለየብቻ ይቀርባል። ክሮካምቡሽ ሥጋ የለበትም። ከመሃል ተቀምጦ ሁሉም ከአንዱ ማማ ሊያነሳ ይችላል። ነገር ግን ሦስት ነገር መጠበቅ አለበት።

አንደኛ፣ አልኮል አይግባበት። አንዳንድ ኬክ ላይ ሩም ይጨመራል። ፈሳሽ ቫኒላም ብዙ ጊዜ በአልኮል የተዘጋጀ ስለሆነ የዱቄቱን ቫኒላ ተጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ጀላቲን የሚባለው ማርጊያ ከአሳማ ሊሠራ ስለሚችል ተዉት፤ እዚህ ያለው አሠራር አያስፈልገውም። ሦስተኛ፣ ቀን ቁጠሩ። ኳሱም ክሬሙም እንቁላል፣ ቅቤና ወተት አለበት። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ከሆነ የሚጾሙ እንግዶቻችሁ አይነኩትም። ምርቃት ብዙ ጊዜ በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ስለሚውል ደግሞ እስከ ሐምሌ 5 የሚዘልቀው የሐዋርያት ጾም ይገጥመዋል። «የቄስ ጾም ነው» ብሎ የሚበላ ቢኖርም የሚጾሙት ካህናትና አዛውንት ቤታችሁ ይመጣሉ። ለእነሱ የሚሆነውን ከታች ጽፈናል። በረመዳን ከሆነ ደግሞ ማማው የሚቀርበው ከማፍጠሪያ በኋላ ነው።

የሚያስፈልገው (ለ60 ኳስ ገደማ)

ለሊጡ፦ ግማሽ ሊትር ውኃ፣ 180 ግራም ጨው አልባ የገበታ ቅቤ (ወይም 150 ሚሊ ሊትር ዘይት)፣ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ትንሽ ጨው፣ 8 የፈረንጅ እንቁላል። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ ከ10 እስከ 12 ያስፈልጋል። የተነጠረ የወጥ ቅቤ አትጠቀሙ፤ የኮረሪማው ሽታ ከክሬሙ ጋር አይሄድም።

ለክሬሙ፦ 1 ሊትር ወተት፣ የ6 እንቁላል አስኳል (የሐበሻ ከሆነ 8)፣ 200 ግራም ስኳር፣ 90 ግራም የበቆሎ ስታርች፣ ቫኒላ።

ለማጣበቂያው፦ 600 ግራም ስኳርና አንድ ሲኒ ተኩል ውኃ።

ሊጡ፦ ገንፎ የሚያገነፋ ግማሹን ያውቀዋል

ውኃውን፣ ቅቤውንና ጨውን አፍሉ። ሲንፈቀፈቅ ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ጨምራችሁ በማማሰያ አጥብቃችሁ አማስሉ፤ ልክ እንደ ገንፎ። ጓጉል ጠፍቶ ሊጡ ከድስቱ ሲላቀቅና ሥሩ ላይ ስስ ሽፋን ሲተው ሁለት ደቂቃ ጨምሩለትና አውርዱት። ጣት የማያቃጥል እስኪሆን አቀዝቅዙት፤ ትኩስ ላይ እንቁላል ከገባ ይበስልና ይበላሻል። ከዚያ እንቁላሉን አንድ በአንድ እየጨመራችሁ ምቱት። የእንቁላሉን ቁጥር ሳይሆን ሊጡን እዩ፦ ከማማሰያው ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድና ጫፉ እንደ ምላስ ሲንጠለጠል በቃው። ከቀጠነ መመለሻ የለውም።

መጋገሩ፦ ደጋው የሚፈትነን እዚህ ላይ ነው

በዚህ ሊጥ ውስጥ እርሾም ቤኪንግ ፓውደርም የለም። የሚነፋው የውኃው እንፋሎት ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,600 ሜትር ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንፋሎቱ ቶሎ ይወጣል፣ ኳሱም ቶሎ ይነፋል፤ ግን ግድግዳው ሳይደርቅ ከወጣ እፍ እንዳሉት ፊኛ ይሟሽሻል። ስለዚህ መጀመሪያ በ210 ዲግሪ 20 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በ175 ዲግሪ ሌላ 20 ደቂቃ አቆዩት። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች የኦቭኑን በር በጭራሽ አትክፈቱ። ሲወጣ የእያንዳንዱን ሥር በቢላ ጫፍ ወግታችሁ እንፋሎቱን አስወጡና ለ10 ደቂቃ መልሳችሁ አድርቁት። በእጅ ሲይዙት ቀላል፣ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ያለው መሆን አለበት።

ኦቭን ከሌለስ? አንዱ መንገድ ዳቦ ቤት ተነጋግሮ ዳቦው ሲወጣ ማስገባት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚያሞቀው ከታች ብቻ ስለሆነ ሥሩ ያርራል፣ አናቱ ጥሬ ይቀራል። ሁለተኛው መንገድ መጥበስ ነው፦ ሊጡን በሻይ ማንኪያ እየቆነጠራችሁ መካከለኛ ሙቀት ባለው ዘይት ውስጥ ጨምሩ። እየነፋ ይገላበጣል። ዘይቱ በጣም ከጋለ ውጩ ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ይሆናል። የተጠበሰው እንደተጋገረው ውስጡ ሰፊ አይደለም፤ ግን ክሬም ይይዛል፣ መብራት ቢጠፋም ይደርሳል።

ክሬሙ

አስኳሉን፣ ስኳሩንና ስታርቹን ምቱ። የፈላውን ወተት ቀስ በቀስ እየጨመራችሁ አዋህዱና ወደ እሳት መልሱት። እንደ ወፈረ ቶሎ አታውርዱ፤ ደጋ ላይ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ያለ ስለሆነ ስታርቹ በደንብ እንዲበስል ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ቡልቅ ቡልቅ ሲል 3 ደቂቃ ቆዩ። ቫኒላውን ጨምሩ፣ ድስቱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስቀምጡ። ሲቀዘቅዝ ጫፉ በተቆረጠ ንጹሕ ፌስታል አድርጋችሁ በኳሱ ሥር ባለው ቀዳዳ ሙሉት።

ማጣበቁና መገንባቱ

ስኳሩንና ውኃውን ሳታማስሉ አፍሉ። ውኃው ካለቀ በኋላ የስኳሩ ሙቀት ከ160 ዲግሪ ያልፋል፤ ይህ በደጋም በቆላም ያው ነው፣ ዳኛው ቀለሙ ነው። እንደ ጠጅ ወርቃማ ሲሆን አውርዱ። ጠቆር ካለ ይመራል።

ከካርቶን ሾጣጣ ቅርጽ ሠርታችሁ ቅቤ የተቀባ ወረቀት አልብሱት። እየነከራችሁ ዙሪያውን ደርድሩ፦ ከታች 12፣ ቀጥሎ 11፣ 10፣ 9፣ 7፣ 6፣ 4፣ 2፣ አናቱ ላይ 1። በድምሩ 62 ነው። ካርቶኑን ማውጣት ካስፈራችሁ ውስጡ ይቅር፤ ከውጭ ማንም አያየውም። ስኳሩ ሲጠጥር በዝቅተኛ እሳት መልሳችሁ አሙቁት።

አደጋው የቀለጠው ስኳር ነው። ከፈላ ውኃ እጅግ ይበልጥ ይግላል፤ ቆዳ ላይም ተጣብቆ ይቀራል። ልጆች ከአጠገቡ ይራቁ፣ የቀዝቃዛ ውኃ ሳህን ከጎናችሁ ይቀመጥ። ያቃጠለውን ጣት ወደ አፍ አትክተቱ። ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ያዙት። ቅቤ፣ ሊጥም ሆነ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ሰፋ ካለ ወይም ውኃ ከቋጠረ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

መቼ ምን ይሠራ?

ኳሱ ባዶውን ከድግሱ በፊት ባለው ቀን ተጋግሮ ደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ ሊያድር ይችላል። ክሬሙ ግን የድግሱ ዕለት ጠዋት ይሠራ። ሞልቶ መገንባቱ የመጨረሻው ሥራ ነው፦ እንግዳ ሊገባ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ ፍሪጅ ከሌለ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ። የእንቁላልና የወተት ክሬም ያለ ፍሪጅ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሽታው ሳይለወጥ ሊያስታምም ይችላል፤ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አዛውንት ላይ ደግሞ ይጠናል። የተረፈውን ለነገ አታሳድሩ። ክረምት ላይ እርጥበቱ ስኳሩን ስለሚያቀልጠው ማማው ያጎነብሳል፤ የጥር ደረቅ አየር ይሻለዋል። ከደሴ ኬክ ቤት የምታስመጡ ከሆነም ባዶ ኳሱን አስጭናችሁ እዚሁ ሙሉት፣ እዚሁ ገንቡት። የተገነባ ማማ መንገድ አይችልም።

የጾም ማማ

ያለ እንቁላል ይህ ሊጥ አይነፋም፤ ስለዚህ ሊጡን ቀይሩት። በ500 ግራም ዱቄት፣ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 60 ግራም ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ትንሽ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ የቦምቦሊኖ ሊጥ አቡኩ። ደጋ ላይ ሊጥ ቶሎ ስለሚነፋ ሰዓት ሳይሆን ሊጡን እዩ፤ እጥፍ ሲሆን በቃው። 20 ግራም እያደረጋችሁ ካድበለበላችሁት ወደ 45 ይወጣዋል። በዘይት ጥበሱ፤ ሲቀዘቅዝ በማርማላታ ወይም ስኳር በገባበት የለውዝ ቅቤ ሙሉት። አገነባቡ ያው ነው። ክሬም ስለሌለበትም ፍሪጅ ለሌለው ቤት ከሁሉ የሚቀልለው ይኸው ነው።

ሲቀርብ

ክሮካምቡሽ የድፎ ዳቦን ቦታ አይወስድም። ዳቦው በሽማግሌ ምርቃት ይቆረስ፣ ማማው ከቡናው ጋር ይምጣ። ሁልጊዜ ከአናቱ ጀምሩ፤ ከሥር ከተሳበ ይናዳል። ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ብታስቡ አንዱ ማማ ለ30 እንግዳ ይበቃል። ከድግሱ በፊት ግን በሁለት እንቁላል የሩቡን ሊጥ ሞክሩት፤ ኦቭናችሁም እጃችሁም የሚታወቀው ያኔ ነው።

በቅርቡ ለሚደግስ ወዳጃችሁ አጋሩለት። መልካም ድግስ!