ስለ ፖርሴሊን ጥርስ ቀለም ታሪክ አጭር ጥናት

በመቀሌ ከተማ በቃላሚኖ፣ እንደ ሌላውም የትግራይ ሰፈር ሁሉ፣ ቡና ሲፈላ ሁለት ዕቃዎች ጎን ለጎን ይታያሉ። አንደኛው የሸክላው ጀበና ነው፤ ሁለተኛው በረከቦቱ ላይ የተደረደረው ነጭ ስኒ ነው። ሁለቱም ከአፈር ተሠርተው በእሳት ያለፉ ናቸው። ይሁን እንጂ ጀበናው ቡናውን በገላው ሲመጥጥ ይኖራል፤ ስኒው ግን ለብዙ ዓመት ቡና ሲቀዳበት ቆይቶም ታጥቦ ሲነሣ ነጭ ነው። ጠርዙ በተሸረፈበት ስፍራ ብቻ የማይለቅ ቡናማ መስመር ይታይበታል። ይህን ተራ ነገር በመጀመሪያ ያነሣነው፣ ልንመረምረው ላሰብነው ጥያቄ ቍልፉ በዚሁ ስለሚገኝ ነው።

ጥያቄው፣ ከፖርሴሊን የተሠራ ጥርስ ቀለሙ ይጸናልን? የሚል ነው። ነገሩ የጌጥ ብቻ አይደለም። የፊት ጥርሱን አጥቶ በብዙ ወጪ ያስተካ ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ጥርስ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ቢታይበት፣ በሳቀ ቍጥር አፉን በጋቢው ጫፍ ይሸፍናል። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

የፖርሴሊን ጥርስ ታሪክ የጀመረው በዚሁ ችግር ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት በአውሮጳ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠራባቸው ነገሮች ዋኖቹ የዝሆንና የጉማሬ ጥርስ ነበሩ። እነዚህም ምራቅንና ምግብን እየመጠጡ ይበልዙና ይሸቱ ነበር። አሌክሲ ዱሻቶ የተባለ ፈረንሳዊ መድኃኒት ቀማሚ በዚህ ተማርሮ፣ በ1774 በፖርሴሊን ሠሪዎች ርዳታ የማይበልዝ ጥርስ አሠራ። ሸክላው በእሳት ውስጥ ስለሚኰማተር በአፍ ልክ ማውጣቱ ብዙ ሙከራ ጠይቋል። ዱቧ ደ ሼማን የተባለው የጥርስ ሐኪም ሥራውን አሻሽሎ በ1789 ከፈረንሳይ ንጉሥ የባለቤትነት ፈቃድ አገኘ። በ1808 ፎንዚ የተባለው ኢጣሊያዊ እያንዳንዱን ጥርስ ለብቻው ሠርቶ በፕላቲን መያዣ አቀረበ። በ1889 ደግሞ አሜሪካዊው ቻርልስ ላንድ የተጐዳን ጥርስ በፖርሴሊን ማልበስ የሚቻልበትን ዘዴ አስመዘገበ።

ፖርሴሊን ቀለሙን የሚጠብቀው ስለ ምንድን ነው? ቀለሙ እንደ ጨርቅ ቀለም ከላይ የተነከረ ስላልሆነ ነው። የብረታ ብረት ኦክሳይዶች ከሸክላው ጋር ተደባልቀው፣ በእሳት ቀልጠው ከመስተዋቱ ጋር አንድ ይሆናሉ። ከዚያ ወዲህ ቡናም ሆነ ሻይ በቀላሉ አይደርስባቸውም። በ1962 ፖርሴሊንን ከብረት ጋር የማጣበቅ ዘዴ በባለቤትነት ሲመዘገብ፣ በ1965ም ማክሊንና ሂዩዝ በአሉሚና የጠነከረ ፖርሴሊን ሲያቀርቡ፣ የተሻሻለው በይበልጥ ጥንካሬው ነበር።

እንግዲያስ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ሦስት ምክንያቶች እናገኛለን። አንደኛው፣ ሐኪሙ ንክሻውን ለማስተካከል ጥርሱን ሲሞርደው መስተዋት መሰሉ ልባጥ ይነሣል፤ ተመልሶ በሚገባ ካልተወለወለም እንደ ተሸረፈው ስኒ ቀለም ይይዛል። ሁለተኛው፣ ሥሥና ብርሃን የሚያሳልፍ ፖርሴሊን ከሥሩ ያለው ማጣበቂያ በጊዜ ብዛት ቢጫ ሲሆን ያንኑ ወደ ውጭ ያሳያል። ሦስተኛው፣ የተፈጥሮ ጥርስ ከዕድሜ ጋር እየቀላና እየበለዘ ይሄዳል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ የተተካው ጥርስ እንደ ጸና ነው፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው።

በ1976 ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ቀለምን በሦስት ቍጥሮች የሚገልጽ ሥርዓት ስላወጣ፣ ዛሬ የጥርስን ቀለም በመሣሪያ መለካት ይቻላል። ነገር ግን ቍጥሩ ስለ ጥርሱ እንጂ ስለ አካባቢው አይናገርም። በትግራይና በሌሎችም የሰሜን ክፍሎች ብዙ ሴቶች ድዳቸውን በመርፌ ወግተው፣ ጥላሸት አስገብተው ይነቀሱ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የጠቈረው ድድ ጥርሱን ነጭ አድርጎ ያሳያል። እናቶቻችን በዚህ የተገነዘቡት ነገር፣ ዐይን ቀለምን ከጎኑ ካለው ጋር እያነጻጸረ ያያል የሚለው የሳይንስ ሐቅ ነው። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ የብዙ ሰዎችን ጥርስ ቡናማ ዝንጕርጕር አድርጎታል፤ በዚያ መካከል የገባ አንድ ንጹሕ ነጭ ጥርስ ቀለሙ ቢጸናም እንግዳ ሆኖ ይታያል።

ከዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። የፖርሴሊን ጽናት የእሳት ስጦታ ነው፤ ይህን ጽናት በአፍ ውስጥ የሚጠብቀው ግን የሰው ጥንቃቄ ነው። ሐኪሙ ቀለሙን በታካሚው አፍ ውስጥ፣ ከድዱና ከጎረቤት ጥርሶቹ ጋር፣ በቀን ብርሃን ይምረጥ፤ የሞረደውን መልሶ ይወልውል፤ የመረጠውንም ቀለም ለሚቀጥለው ሐኪም ጽፎ ያኑር። ዱሻቶ የተማረረበት ጥርስ ከተጣለ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ታካሚው ያለ ሐሳብ እንዲስቅ ማድረጉ ግን ዛሬም የሐኪሙ ሥራ ነው።