ትርታው የጠፋ እጅ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በጃፓኗ ፉኩኦካ ከተማ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1905። የአገሩ የዓይን ሐኪሞች ለጉባኤ ተሰብስበዋል። ከካናዛዋ የመጣው ሚኪቶ ታካያሱ ተነሣና ስለ አንዲት ወጣት ታካሚው ተናገረ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት፤ ዓይኗ ግን ደክሟል። ውስጡን ሲመረምር ጥቃቅን የደም ሥሮች በዓይን ነርቧ ዙሪያ እርስ በርስ ተያይዘው፣ አክሊል ሠርተው አገኛቸው።

ይህን የሰሙ ሁለት ባልንጀሮቹ፣ ኦኒሺና ካጎሺማ፣ እኛም እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ታካሚ አለን አሉ። አንድ ነገርም ጨመሩ፤ የታካሚዎቻቸው የእጅ አንጓ ቢዳሰስ፣ ቢዳሰስ ትርታ የለውም! አስቡት እንግዲህ፤ ሰው ቆሞ እየተናገረ እጁ እንደ በድን ዝም ሲል። ለእኔ የዚህ በሽታ ታሪክ የሚጀምረው ከአክሊሉ ሳይሆን «ትርታ የለውም» ከምትለው ቃል ነው።

ምሥጢሩ ያለው ከልብ በሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ በአኦርታና በቅርንጫፎቹ ነው። ግድግዳቸው ይቆጣል፣ ይወፍራል፤ መተላለፊያው ይጠብባል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይደፈናል። ወደ ክንድ የሚሄደው ሲጠብ ትርታ ይጠፋል። ወደ ራስ የሚወጣው ሲጠብ ዓይን ደም ያጥረዋል፤ እነዚያ ጥቃቅን ሥሮችም የጎን መንገድ ሊያበጁ ይያያዛሉ። ዛሬ በሽታው በታካያሱ ስም ይጠራል።

ክፋቱ አመጣጡ ነው። ትኩሳት፣ ድካም፣ መክሳት፤ ቲቢ ነው ብሎ በሚጠረጥር ሐኪም አይፈረድም። ቆይቶ ታማሚዋ ፀጉሯን ስታበጥር ክንዷ ይዝላል። የደም ምርመራው ደህና ነው እያለ እንኳ ቧንቧው ውስጥ ውስጡን ሊቆጣ ይችላል። ቁራጭ ወስዶ እንዳይታይ፣ አኦርታ ለምርመራ ተብሎ እንዴት ይቆረጣል? ስለዚህ ግድግዳውን በሲቲ፣ በኤምአርአይ፣ በአልትራሳውንድ ያዩታል።

ከማሽኑ በፊት ግን የሐኪም እጅ አለ። ሁለቱንም አንጓ ይዳስስ፤ የደም ግፊቱንም በሁለቱም ክንድ ይለካ፤ ልዩነቱ ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከበለጠ ይጠርጥር። ማዳመጫውን ከአንገት ሥር አሳርፎ ደሙ በጠባብ መንገድ ሲያልፍ የሚያሰማውን ሹክሹክታ ያድምጥ።

ሁለቱም ክንድ የተጎዳ እንደሆነስ? ያኔ መለኪያው ይዋሻል። ግፊቷ ዝቅተኛ ነው ሲባል እውነተኛው ግፊት ልቧንና ኩላሊቷን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። ወደ እግሯ የሚወርደው ቧንቧ ሁሉ ደህና ከሆነ ግን፣ መለኪያውን አውርዶ ጭኗ ላይ የሚጠመጥም ሐኪም ለእውነተኛው የቀረበ ቁጥር ያገኛል።