የአቃቂ ጭቃና የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ

ከሳሪስ ቁልቁል የሚወርደውን መንገድ ይዛችሁ፣ ቃሊቲ ላይ የከተማው ባቡር ከሚያበቃበት አልፋችሁ፣ ግራና ቀኝ የፋብሪካ አጥር እያያችሁ፣ ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተታችሁ ስትሄዱ አቃቂ ትደርሳላችሁ። ወሩ መስከረም ከሆነ ክረምቱ ገና ጠቅልሎ አልወጣም፤ ጠዋት ፀሐይዋን አይታችሁ ጃኬታችሁን ቤት ትታችሁ ትወጣላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከመርና ያረሰርሳችኋል። መሬቱ ዋልካ ነውና ከአስፋልቱ ወረድ ስትሉ ጭቃው ጫማችሁን ይዞ አልለቅም ይላል። ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው በዚህ ጭቃ እያቋረጡ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ፤ የዛሬው ወሬዬ ስለ እነሱ ነው።

አቃቂ ድምፅ ለዓለም ያሰማች ሰፈር መሆኗን አትርሱብኝ። በ1928 ዓ.ም. መስከረም፣ የጣልያን ጦር ድንበር ላይ ተከማችቶ ሳለ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድምፅ ባሕር ማዶ የተሻገረው በአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ በኩል ነው። ጣቢያውን የተከለው ደግሞ አንሳልዶ የሚባል የጣልያን ኩባንያ ነበር፤ ነገሩ እንዲህ ነው አንዳንዴ። ያኔ ከዚህ ወደዚያ ነበር የሚነገረው። ከዚያ በኋላ ዘመን ዘመንን ተካ፣ የትምህርት ሬዲዮ መጣ፣ በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን መጣ፣ የእኛም ልጆች ሌላው ሲናገር ቁጭ ብለው ማዳመጥን ለመዱ።

ከዚያም ፕላዝማ መጣ። ፕላዝማን የማያውቅ ካለ ከ1997 ዓ.ም. በፊት ትምህርቱን የጨረሰ ነው። ያን ጊዜ መንግሥት በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ስክሪን አስገባ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይለቀቅ ጀመር፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነበር፤ መምህሩ ከፊት ጥቂት ከኋላ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል፣ የቀረው የስክሪኑ ነው። ስክሪኑም ልጆቹ በማያውቁት አነጋገር ፈጠን ፈጠን እያለ ያስረዳል፣ ጥያቄውን ሥሩ ይላል፣ ልጁ ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። መምህሩ ጥግ ይዞ ቆሟል። ቆይ ቢለው አይሰማውም፣ ድገመው ቢለው አይደግምለትም። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ የዕለቱ ትምህርት ሄደ ማለት ነው። አሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ጥሩ መምህር ላልደረሰው ገጠር ጥሩ ትምህርት ይድረስ የሚል ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ያን ሁሉ ገንዘብ ያወጣነው ልጆቹን ለማናገር ሳይሆን ለእነሱ ለመናገር ብቻ መሆኑ ነው።

ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ፊዚክሱንም፣ ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው፤ ስለዚህ ቃሉ ያልገባው ልጅ የሚያጣው እንግሊዝኛውን ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተን ደንግጠናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የቃሉ ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብል የሚከራከረኝ መምህር ያለ አይመስለኝም።

ደግነቱ ሌላ መንገድ ያዩም ነበሩ። ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል የአንደኛ ደረጃ መምህርት ከባለቤቷ ጋር ሆና፣ በመኖሪያ ቤታቸው፣ ፀሐይ የምትባል የቀጭኔ አሻንጉሊት ሠርታ፣ ድምፅዋንም ራሷ ሆና «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን በቴሌቪዥን አቀረበች፤ ልጆቻችንም በአማርኛ ሲስቁ ፊደል ለዩ። ከዚያም ከእነሱው ዘንድ «ኢንቮልቭ ሚ» የተባለ ፕሮግራም ተወለደ፣ በዚህኛው ደግሞ ካሜራውን የያዙት ወጣቶቹ ራሳቸው ሆኑ፣ የአንድ ደቂቃ ፊልም እየሠሩ የራሳቸውን ኑሮ አሳዩ። በባሕር ማዶም ኒው ዮርክ ታይምስ የሚባለው ጋዜጣ ተማሪዎች አንድን የእንግሊዝኛ ቃል በ15 ሰኮንድ ቪዲዮ እንዲያስረዱ ውድድር አውጥቷል።

ለነገሩ እኛ ይህን ለመማር ኒው ዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግሱን ሰምቶ ዝም አይልም። ግስ ያገሳል፣ ከዚያም ለብቻው ጥግ ይዞ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያም የኔታ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል፣ የኔታም ሰምተው ያርሙታል፣ ቤት አልመታም ወይም ምሥጢሩ አልያዘም ይሉታል፣ በማግስቱም ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ቃሉን የሚያውቀው በሠራበት ጊዜ ነው።

እንግዲህ አንድ ክፍል ላሳያችሁ። የትምህርት ቤቱን ስም እናንተ ስጡት፤ አቃቂ ውስጥ ይሁን እንጂ የትኛውም ይሁን። የእንግሊዝኛ መምህሩ ዘጠነኛ ክፍልን በቡድን ከፋፍሎ፣ ለየቡድኑ አንድ አንድ ቃል ሰጥቶ፣ «ትርጉሙን እንዳትነግሩኝ፤ አሳዩኝ» ብሏቸዋል እንበል። ለአንዱ ቡድን «ሪላክታንት» የሚለው ቃል ደረሰው።

«የማይፈልግ ሰው ማለት ነው» አለች አንዷ መዝገበ ቃላቱን ዘግታ።

«የማይፈልግማ እምቢ ይላል» አለ ሌላው። «ይሄኛው እኮ ይሄዳል። ሳይፈልግ ነው የሚሄደው።»

ተከራከሩ፣ ተንጫጩ፣ ከዚያም ሳይፈልግ የሚሄድ ሰው ማን ነው ብለው ቢያስቡ ወፍጮ ቤት የተላከ ልጅ ትዝ አላቸው። ከትምህርት ሲለቀቁ አንዷ ሻሽ አስራ እናት ሆነች፣ አንዱ የእህል ከረጢት ተሸከመ፣ አንዱ የታላቅ ወንድሙን ስልክ ተውሶ መጣና ደጃፍ ላይ ቀረጻ ተጀመረ። ልጁ ሁለት እርምጃ ይሄድና ዞር ይላል፣ ከረጢቱን ያወርድና የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል፣ ጠጠር ይመታል፣ እንደገና ዞር ይላል። የጭነት መኪና ክላክስ አበላሸባቸውና ደገሙት። ሲደግሙት ደግሞ በመንገድ የሚያልፉ አንዲት እናት ቆም አሉና «አንተ ልጅ፣ እናትህ ስትልክህ እንዲህ ነው እንዴ የምትሄደው? አይመሽብህም?» ብለው ተቆጡት። ልጁም ደንግጦ እውነቱን ቶሎ ቶሎ መሄድ ጀመረ። ቀራጩ ግን ስልኩን አላወረደም ነበርና ያ ቁጣ ከልጆቹ ሳቅ ጋር ቪዲዮው ውስጥ ገባ።

ሌላው ቡድን «ፍሪክሽን»፣ ማለትም ሰበቃ፣ ደርሶት፣ ጭቃ ውስጥ ገብታ ጎማዋ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ባጃጅ ቀረጸ፤ ሾፌሩ ወርዶ ጠጠርና ጆንያ ጎማው ሥር ሲያነጥፍ፣ ባጃጇም ቆንጥጣ ስትወጣ። የፊዚክስ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል የእንጨት ሳጥን ነው። አቃቂ ያደገ ልጅ ሳጥኑን ሊረሳው ይችላል፣ ያቺን ባጃጅ ግን ፈተና ላይም አይረሳትም።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ይታያል። የተሰቀለው ስክሪን የሚሠራ ከሆነ በፍላሽ ይከፈታል፣ ካልሆነም ስልኩ ከወንበር ወንበር ይዞራል። የሌላው ቡድን ልጆች ቃሉን ይገምታሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር ይጽፉበታል፣ እዚህ ላይ መምህሩ እንደ የኔታ ያርማል። ይህችን የመጨረሻዋን ሥራ የዘለለ መምህር ልጆቹን አሳቀ እንጂ አላስተማረም። አለን ፓይቪዮ የተባለው ካናዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ቃልና ምስል አብረው የገቡበት ነገር በአእምሮ ውስጥ ሁለት በር አለው፣ ሲፈለግ በአንዱ ባይገኝ በሌላው ይገኛል የሚል አሳብ አስፍሯል። እኔ ግን ቪዲዮውን ከማየት ይልቅ ጠቃሚው ያ «እምቢ ይላል፣ አይ ይሄዳል» የሚለው ክርክር ይመስለኛል፤ ቃሉን የተካፈሉት እዚያ ላይ ነው።

ችግር የለበትም አልላችሁም። ስልክ የሚከለክሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፣ ምክንያትም አላቸው። ስልክ የሌለው ልጅ እንዳያፍር ለአንድ ቡድን አንድ ስልክ ይበቃል፣ እሱም የመምህሩ ቢሆን ይሻላል። ማርኩ ለቃሉ እንጂ ለካሜራው ጥራት አይሰጥ፤ አለዚያ ሀብታም አባት ያለው ልጅ አንደኛ ይወጣል። የተቀረጸውም ከክፍል አይውጣ። የልጆች ፊት ቲክቶክ ላይ ወጥቶ በተለይ ሴት ልጅ የሰፈር መነጋገሪያ ከሆነች በኋላ ይቅርታ አይመልሰውም።

እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ «ስልክህን ለአሥር ደቂቃ ስጠኝ» ብሎ ወስዶ፣ ደጃፍ ላይ ባዶ ከረጢት ተሸክሞ ወዲያ ወዲህ ሲል ብታዩት ቶሎ አትቆጡ። የተሰጠው ቃል ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ጎረቤት ሆኖ የሚቆጣ ሰው ካስፈለጋቸውም እናንተው ግቡላቸው።