ከጋፋት ምድጃ እስከ ደብሩ ቅጥር

ጋፋት ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ሴባስቶፖል ነው። እኛም ወደ ደብረ ታቦር የወጣነው የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ የተሠራበትን ስፍራ አይተን፣ ፎቶ ተነሥተን ልንመለስ ነበር። ዐይናችንን የያዘው ግን ዙሪያው ነው። እርሻ፣ ባሕር ዛፍ፣ ደግሞ እርሻ፤ በመሐሉ አልፎ አልፎ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር አረንጓዴ። እሱ ደብር ነው።

ከመሐላችን አንዱ «ጫካውን መድፉ በልቶት ነው» አለ። ቀልዱ ከመሬት አልተነሣም። 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ ያለ ብዙ ከሰል አይቀልጥም፤ ከሰሉም ከዛፍ ነው።

ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ሁላችንም ትምህርት ቤት «ከመቶ ዓመት በፊት የአገራችን 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር» ስንባል አድገናል። ጣልያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአየር ያነሷቸውን ፎቶዎች ከዛሬው ጋር ያስተያዩ ተመራማሪዎች ደቡብ ጎንደር ላይ ያገኙት ሌላ ነው። የያኔዎቹ ደብሮችም እንደዛሬው በሜዳ መሐል ያሉ ደሴቶች ነበሩ። ይህ ጋፋትን ከክሱ ነጻ ባያወጣም፣ «ትናንት ሁሉም ጫካ ነበር» የሚለውን ተረት ግን ያስጥላል። የደብሩ ዛፍ ከጥፋት የተረፈ ፍርፋሪ ብቻ አይደለም፤ ሰው በግዝትና በጥበቃ ትውልድ በትውልድ ያቆየው ነው። ከ1938 ወዲህ የጠፋው ደኑን ከእርሻው የሚለየው ቁጥቋጦ ነው። አሁን ማረሻው እስከ ዛፉ ሥር ይደርሳል፤ ከብቱም ገብቶ ችግኙን ይግጣል፣ ይረግጣል። ሽማግሌው ወይራና ጽድ ቆሞ ይታያል፣ ተተኪ ግን የለውም።

ይህን በቁጥር ያሳዩን ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል፤ 160ው አገር በቀል ነው። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ያመጡት መፍትሔም የገበሬ መፍትሔ ነው፤ ካብ። ዣራና ደብረሰና ላይ ምእመኑ ከየእርሻው ድንጋይ እየለቀመ ደኑን አጠረው። ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፣ ደኑም ከከብት ዳነ። (ይህን ለማሰብ ፒኤችዲ ያስፈልጋል ወይ ያላችሁ እንደሆነ፣ እኛም ጠይቀናል። ካቡን አይደለም፣ ችግኙ ለምን እንደሚጠፋ ማሳየቱን ነው።)

ጣና ዳር ያለችው ዘጌ በሌላ መላ ነው የቆየችው። አቡነ በትረ ማርያም አመጡት በሚባለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ይኖራል፤ ማረስና ከብት ማርባት በባህሉ ክልክል ነው። ጓሮው ሰውን፣ ሰውም ደኑን ይዞ ኖረ። ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱ ለቡና አይሆንም። የዚህ ደን ገቢ በከረጢት አይገባም። ከዛፉ ወጥተው ባቄላውንና ጎመን ዘሩን የሚያዳርሱት ንብና ቢራቢሮ ዋጋቸውን ማን ይመዝነዋል? ለገበሬው ዐይን የሚገባው ባሕር ዛፉ ነው፤ እሱ በጥቂት ዓመት ቋሚ እንጨት ሆኖ ይሸጣል። ስለዚህ «ገበሬው አልገባውም» የሚለውን ስብከት እኛ አንወደውም። በደንብ ገብቶታል።

በመጨረሻ ካብ ወዳለው አንድ ደብር ገባን። ውስጡ ጨለም ያለ፣ እርጥብ አፈር የሚሸት ነው። ሁለት ነጫጭ ቢራቢሮዎች ካቡን ተሻግረው ወደ ባቄላው ሄዱ። ስንወጣ አንድ እረኛ ልጅ ፍየሎቹን እየነዳ ደረሰ። እኛ ክፍት የተውነውን በር አይቶ ገላመጠን፤ መለስ ብሎም ዘጋው።