ዋግ፥ አረማሞና አቀንጭራ፦ የእህል በሽታና የመቋቋም ስያሜዎች ታሪክ

1. መነሻ

ሳንጃ ከጎንደር በስተሰሜን ምዕራብ፥ በታች አርማጭሆ ቆላ የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢዋ የማሽላ፥ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት የቆላውን የእርሻ ቃላት ለመሰብሰብ ወደዚያ በሄደ ጊዜ፥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስለ አቀንጭራ ሲናገሩ ቆይተው፥ «ጌታዬ፥ ካልገደለው ምኑን ተቋቋመው?» ሲሉ ጠየቁት።

ጥያቄው ከባዶ የመጣ አልነበረም። ሰውዬው ከምርጥ ዘር ጋር አንዲት መግለጫ ወረቀት ደርሷቸው ነበር። ልጃቸው እንዳነበበላቸው ማሽላው «አቀንጭራን ይቋቋማል» ይላል። እርሳቸውም ቃሉን በሚያውቁት ትርጉም ተረዱት፤ ተቋቋመ ማለት ተጋፈጠ፥ ታግሎ መለሰ ማለት ነውና፥ ማሽላው አረሙን ይጨርስልኛል ብለው እዚህም እዚያም ብቅ ያለውን አቀንጭራ ሳይነቅሉ ተዉት። እርሱም አበበ፥ ዘሩንም አራገፈ። በተከታዩ ዓመት የአገሩን ማሽላ በዚያው ማሳ ሲዘሩ ማሳው ሐምራዊ አበባ ለበሰ፥ ማሽላውም ቀጨጨ። ያችን ወረቀት ከእንግሊዝኛ የመለሳት ይህ ጸሐፊ ራሱ ነበር።

ከዚህ የተነሣ ይህ ጽሑፍ በእህል በሽታና በመቋቋም ዙሪያ ያሉት ቃላት ከየት እንደ መጡ፥ ሳይንሱም በየዘመኑ ምን ትርጉም እንደ ጫነባቸው ይመረምራል። በመጨረሻም ለተርጓሚዎች ጥቂት ሐሳብ ያቀርባል።

2. የሚመታ በሽታ

ከእህል በሽታ ስሞች መካከል በጽሑፍ አማርኛ ሥር የሰደዱት «ዋግ» እና «አረማሞ» ናቸው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ፥ በኦሪት ዘዳግም የመርገም ምዕራፍ፥ በአሞጽና በሐጌም፥ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ይገኛሉ። በዕብራይስጡ በቦታቸው ያሉት ቃላት አንዱ በነፋስ መለብለብን፥ ሁለተኛው ቢጫ አረንጓዴ መሆንን የሚያመለክቱ ሲሆኑ፥ የአማርኛው ተርጓሚዎች ቀለሙንና ነፋሱን ትተው ገበሬው በማሳው ላይ የሚያውቃቸውን ሁለት መቅሠፍቶች በመተካታቸው የሚመሰገን ሥራ ሠርተዋል።

በዘመናችን የእርሻ ቋንቋ ዋግ የሚባለው በሻጋታ ወገን ተሕዋስያን የሚመጣው፥ በግንድና በቅጠል ላይ የጡብ ቀለም ወይም ብጫ ዱቄት የሚያወጣው በሽታ ነው፤ «የግንድ ዋግ»፥ «የቅጠል ዋግ»፥ «ቢጫ ዋግ» ተብሎም ይከፈላል። አረማሞ ደግሞ ፍሬውን ወደ ጥቁር ዱቄት የሚለውጠው ነው። መዝገበ ቃላት አዘጋጅ «ዋግ» የሚለውን የበሽታ ስም በወሎ ካለው የአገር ስም፥ ዋግሹም ከሚለው ማዕርግም፥ ለይቶ ማስገባት ይገባዋል። በእንግሊዝኛ ግን የእህሉም በሽታ የብረቱም ዝገት በአንድ ቃል ይጠራሉ። ከዚህ የተነሣ «የስንዴ ዝገት» የሚል ትርጉም አልፎ አልፎ ይታያል፤ ይህ ለአማርኛ አንባቢ ማረሻው እንጂ ስንዴው የታመመ ያስመስለዋል።

ከስሞቹ ይልቅ ግሡ የበለጠ ይናገራል። እህል በዋግ «ይመታል»፤ በውርጭና በበረዶም እንዲሁ ይመታል። ሰውን ግን በሽታ «ይይዘዋል»። ስለዚህ በቋንቋው አስተሳሰብ ዋግ ከላይ የሚወርድ ምት ነው፥ ከተክል ወደ ተክል የሚተላለፍ ሕመም አይደለም። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጥንታውያን ሮማውያን ዋግን የሚያወርድ አምላክ አለ ብለው በየዓመቱ በሚያዝያ ወር መሥዋዕት ያቀርቡ ነበር። በሽታው በተክል ላይ የሚኖር ጥገኛ ሕያው ነገር መሆኑን ፎንታናና ቶዜቲ የተባሉ ሁለት ኢጣሊያውያን የገለጡት እ.ኤ.አ. በ1767 ነው።

3. ዘር፥ በራሂና ዘረመል

በሽታው ምት ከሆነ ከምት የሚያመልጥበት ምክንያት በእህሉ ዘር ውስጥ ሊፈለግ አይችልም። ነገር ግን ገበሬው በተግባር ያንኑ ሲፈልግ ኖሯል። «ዘር» በአማርኛ የሚዘራውንም ፍሬ፥ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደውንም ትውልድ በአንድነት ይጠራል። ለዘር የሚሆነውን ራስ ከማሳው መርጦ የሚያስቀምጥ ሰው የውርስን ነገር በእጁ ያውቀዋል። ባሕርይንም በስም ያስቀምጠዋል። በወሎ «ወተት በጉንጬ» የሚባለው የማሽላ ዓይነት ስሙ ራሱ የጣዕሙ መዝገብ ነው።

ሳይንሱ ግን የራሱን ስም ይዞ መጣ። ሜንደል እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው የአተር ጥናት ተረስቶ ቆይቶ በ1900 እንደገና ተገኘ። እንግሊዛዊው ቢፈን በ1905 ስንዴ ቢጫ ዋግን የሚቋቋምበት ባሕርይ በሜንደል ሕግ እንደሚወረስ አሳየ። «ጂን» የሚለውን ቃል ዮሐንሰን የተባለው ዴንማርካዊ በ1909 ፈጠረው። አማርኛ ይህን ቃል በሦስት መንገድ ተቀብሎታል። አንደኛው እንዳለ «ጂን» ማለት ነው። ይህ በንግግር «ጅን» ከሚባለው ርኩስ መንፈስ ጋር ስለሚቀራረብ ገበሬ ፊት ሲነገር ያስደነግጣል። ሁለተኛው የቀድሞው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ቃላት ሥራው ያስፋፋው «በራሂ» ነው፤ ከእርሱም «ሐብለ በራሂ» ወጥቶ ወደ ትምህርት መጻሕፍት ገብቷል። ሦስተኛው ዛሬ በጋዜጣና በሬዲዮ የበረታው «ዘረመል» ነው። ይህ ጸሐፊ በራሂን በትምህርት ቤት ይወደዋል። በማሳ ላይ ግን «ዘር» የሚለውን ግንድ በግልጽ የተሸከመው ዘረመል ይረታዋል፤ ገበሬው የሚያውቀው ቃል በውስጡ አለና።

4. ስማቸው የጠፋ ገብሶች

የኢትዮጵያ እህል በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ቦታ ትልቅ ነው። ሩሲያዊው ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1927) ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በበቅሎ ጎንደርንና አክሱምን አልፎ እስከ አሥመራ ተጉዟል። በሺህ የሚቈጠሩ ናሙናዎችን ሰብስቦ ኢትዮጵያን ከዓለም የአዝርዕት መገኛ ማዕከላት እንደ አንዱ ቈጠራት። ይኸው ሰው በአገሩ ታስሮ እ.ኤ.አ. በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ክሽክሽ የሚያስተላልፈውን የገብስ ቢጫ ድንክ ቫይረስ የሚቋቋም ዘር ፍለጋ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ከ6 ሺህ በላይ የገብስ ዓይነቶችን ፈተኑ። ከፈተናው የተረፉት ከመቶ እምብዛም አይበልጡም ነበር። ከእነርሱም ከጥቂቶች በቀር ሁሉም የኢትዮጵያ ገብሶች ነበሩ። ባሕርዩን የሚሸከመው በራሂ «ዋይ-ዲ-2» ተባለ። እንግሊዝኛው ጽሑፍ ራሱ ይህን በራሂ አንዳንድ ጊዜ የመቋቋም፥ አንዳንድ ጊዜ የመቻል በራሂ እያለ ይወላውላል። ቫይረሱ ወደ ተክሉ ይገባልና፤ ተክሉ ግን ከብዙ ጉዳት ይድናል።

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጥ ያስተምራል። ቅጠልን አመድ የተነሰነሰበት የሚያስመስለውን የገብስ በሽታ ፈጽሞ የማይዘው ገብስ እ.ኤ.አ. በ1942 በጀርመን አገር በራጅ ጨረር ተገኘ፤ በራሂውም «ኤም-ኤል-ኦ» ተባለ። ዘግይቶ ግን ያው ባሕርይ፥ ማንም ጨረር ሳይነካው፥ የጀርመን ተጓዦች በ1937 እና በ1938፥ ማለት በወረራው ዘመን፥ ከኢትዮጵያ በወሰዷቸው ገብሶች ውስጥ መኖሩ ታወቀ። ከ1979 ጀምሮ በዚህ ባሕርይ የዳበሩ ዝርያዎች በአውሮፓ ማሳዎች ተስፋፉ። በ1997 በራሂው ተለይቶ ሲነበብ የተገለጠው ነገር አስገራሚ ነው። የሚቋቋመው ገብስ አንድ ተጨማሪ መሣሪያ ያለው አልነበረም። ሻጋታው ለመግባት የሚጠቀምበት ፕሮቲን የጐደለው ነበር እንጂ። በሩ ስለሌለ ሌባው አልገባም።

እነዚያ ገብሶች በሳይንስ ጽሑፎች «ኤል 92» እና «ኤል 100» በሚሉ ቍጥሮች ይታወቃሉ። የዘሩት ሰዎች የጠሯቸው ስም ግን አብሯቸው አልተጓዘም። ለመዝገበ ቃላት ሰው ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም፤ ስሙ ቢኖር ኖሮ ገበሬው ምን አይቶ እንደ መረጠው ይነግረን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል፥ በተለይም በዶክተር መላኩ ወረደ አመራር፥ ዘሩን ከገበሬው ጋር በማሳው ላይ መጠበቅን ትልቅ ሥራው ያደረገው ዘርና ዕውቀት አብረው እንዲኖሩ ነው። የቃላት ሰብሳቢም ቦታው እዚያው መሆን ነበረበት።

5. የሚሰበር መቋቋም

በስንዴ በኩል ያለው ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። አሜሪካዊው ፍሎር በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተልባ ላይ ባደረገው ጥናት በተክሉ ለሚገኝ ለእያንዳንዱ የመቋቋም በራሂ በዋጉ በኩል የሚመጥን በራሂ እንዳለ አሳየ። ዋጉ ያችን አንዲት በራሂ ከለወጠ መቋቋሙ በአንድ ወቅት ይፈርሳል።

የእኛ አገር ገበሬ ይህን በኪሳራ ተምሮታል። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «እንኮይ» የተባለ ስንዴ በ1993 በግንድ ዋግ ተመታ። በ2010 ቢጫ ዋግ «ኩብሳ» እና «ጋላማ» የተባሉትን አወደመ። በ2005 የወጣው «ዲጋሉ» በዩጋንዳ ከታየው አስፈሪ የግንድ ዋግ ስለሚድን በብዙ ማሳ ተዘራ፤ በ2013 እና በ2014 ግን በባሌና በአርሲ ሌላ የዋግ ዘር መጥቶ ጣለው። «የሚቋቋም» ተብሎ ለገበሬው በተሰጠው ቃል ውስጥ «ለዚህ የዋግ ዘር፥ እስከ ጊዜው» የሚለው አልነበረበትም።

ቫን ደር ፕላንክ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 ሁለት ዓይነት መቋቋምን ሲለይ አንዱን «ቁም»፥ ሌላውን «አግድም» ብሎ ነበር። ስያሜው የመጣው በወረቀት ላይ ከሣለው ሥዕል ነው። ሥዕሉን ላላየ አንባቢ «አግድም መቋቋም» ትርጉም የለውም። ስለዚህ ለአንዳንድ የበሽታ ዘር ብቻ የሚሠራውን «ለይቶ መቋቋም»፥ ለሁሉም በመጠኑ የሚሠራውን «የወል መቋቋም» ብንለው ይሻላል።

6. አቀንጭራ

ወደ ሳንጃ እንመለስ። «አቀንጭራ» የሚለው ስም ቀነጨረ፥ አቀነጨረ ከሚለው ግሥ ጋር በግልጽ ይዛመዳል፤ የሚያቀጭጭ ማለት ነው። ዛሬ ይኸው ግሥ በምግብ እጦት ዕድገታቸው ለቆመ ሕፃናት «መቀንጨር» የሚል የጤና ስያሜ ሰጥቷል። ማሽላው በቀነጨረበት ቤት ልጁ ቢቀነጭር ቋንቋው አስቀድሞ አውቆታል። የላቲኑ ስም ግን «ጠንቋይ» ማለት ነው፤ ያም ፍርሃትን እንጂ ሥራውን አይናገርም።

አቀንጭራ በሽታ ሳይሆን ሥር መጣጭ አረም ነው። አንዲት ተክል በአሥር ሺህዎች የሚቈጠር እንደ ዱቄት የላመ ዘር ታፈራለች። ያም ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። ሳይጠራ አይነሣም። የሚጠራው የማሽላው ሥር ነው። ሥሩ አፈር ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ሻጋታዎች ለመጥራት ስትሪጎላክቶን የተባለ ቅመም ያወጣል፤ አቀንጭራም ያንን ጥሪ ሰምቶ ይበቅላል። ከዚህ ወገን የሆነው ቅመም መጀመሪያ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር መሆኑ ለሳንጃ ሰው ትርጉም አለው። ጥጥ አቀንጭራን ይጠራል፥ ግን አያስተናግደውም፤ የበቀለው ዘር የሚጠባው ሥር አጥቶ ይሞታል።

በወሎንኮሚ አካባቢ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ፥ ከባልደረባቸው ላሪ በትለር ጋር፥ በዚህ ጥሪ ላይ ተመሥርተው ማሽላን መረጡ። ከሥራቸው የተገኙት «ጎብዬ» እና «አብሽር» የተባሉ ዝርያዎች በ1992 ዓ.ም. አካባቢ፥ «ብርሃን» ደግሞ ጥቂት ቆይቶ፥ በአገራችን ወጡ። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በ2017 ቡድናቸው እንደ ገለጠው የመቋቋሙ ምክንያት እንደገና መጉደል ነው። አንድ በራሂ ሲጠፋ ሥሩ የሚያወጣው ቅመም ዓይነቱ ይለወጣል፥ አቀንጭራውም ጥሪውን አይሰማም። አይሞትም፤ ተኝቶ ይቆያል።

7. ማጠቃለያ

እንግዲህ የሽማግሌው ጥያቄ ትክክል ነበር። ማሽላው አቀንጭራን አልተጋፈጠም፥ አልገደለምም፤ አልጠራውም እንጂ። በአንድ «ተቋቋመ» ውስጥ ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ታጭቀዋል። ስለዚህ የሚከተለው ይታሰብበት። ተክሉ በሽታውን የሚገታ ሲሆን «መቋቋም»፤ በሽታው ገብቶበት ምርት የሚሰጥ ሲሆን «መቻል»፤ በሽታው ሳይደርስ ቀድሞ የሚያፈራ ሲሆን «ማምለጥ»፤ ጥገኛው የሚፈልገውን ባለመስጠት የሚድን ሲሆን «አለመጥራት» ወይም «አለማስገባት»። አራቱም የገበሬው ቃላት ናቸው፤ ቻለ ማለት ተሸከመ፥ ታገሠ መሆኑን ማንም ያውቃል።

ይህ ጸሐፊ ያችን ወረቀት ዛሬ ቢመልሳት ኖሮ እንዲህ ይጽፋት ነበር፦ «ይህ ማሽላ አቀንጭራን አይጠራም፤ የተኛው ግን በአፈርዎ ውስጥ አለ፤ የበቀለውን ሳያብብ ይንቀሉት።» ከእንግሊዝኛው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይረዝማል። በሳንጃ ቆላ ግን አንድ የማሽላ ማሳ ያድን ነበር።