ዳሳሽ ወይስ አሽታች?

ቡታጋዝ ሲያፈተልክ የሚጮኸውን ትንሽ ዕቃ ብዙው ሰው «ሴንሰር» ይለዋል። «ጠቋሚ» የሚሉትም አሉ፤ መጠቆም ግን የደወሉ ሥራ ነው። ጋዙን የሚያገኘውን የውስጡን ክፍል እኔ «ዳሳሽ» ብለው እመርጣለሁ፤ ሙሉ ስሙም «የብረታ ብረት ኦክሳይድ ጋዝ ዳሳሽ» ይሁን። «የብረት» ብቻ ብንለው ዝገት ይታሰበናል፤ በብዛት የሚሠራው ግን ከቲን ኦክሳይድ ነው።

«አሽታች»ስ ለምን አልተባለም? ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የማይሸት ነገር ደግሞ አይሸተትም። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ለማየት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ዳሳሹ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ነው የሚሠራው። በንጹህ አየር ውስጥ ኦክስጅን ገጹ ላይ ይለጠፍና ኤሌክትሮን ይነጥቀዋል፤ ኮረንቲ የሚያልፍበት መንገድ ይጠባል። ቡታጋዝ ወይም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲደርስ ከዚያ ኦክስጅን ጋር ይዋሃዳል፣ የተነጠቀው ኤሌክትሮን ይመለሳል፣ ኮረንቲውም ይለቀቃል። ዳሳሹ የሚያውቀው ኦክስጅኑ እንደተወሰደበት ብቻ ነው፤ ማን እንደወሰደው አያውቅም። አጠገቡ አረቄ ቢቀዳም ሊጮህ ይችላል! በጨለማ እጁን ዘርግቶ የሚዳብስ ሰው አንድ ነገር መንካቱን እንጂ የነካው ምን እንደሆነ ወዲያው አይለይም፤ «ዳሳሽ»ን ያስመረጠኝ ይኸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ጃፓን ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ሴይያማና ባልደረቦቹ በዚንክ ኦክሳይድ ጋዝን መዳሰስ እንደሚቻል አሳዩ፤ በዚያው ዓመት ናኦዮሺ ታጉቺ በቲን ኦክሳይድ ለሠራው ዳሳሽ የፈጠራ መብት አመለከተ። በ1968 እ.ኤ.አ. የታጉቺ ዳሳሽ ገበያ ላይ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ትልቁ ለውጥ ማሞቂያው ላይ ነው። የድሮዎቹ ለመጋል ብቻ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊዋት ይበላሉ፤ በሲሊከን ቺፕ ስስ ሽፋን ላይ የተሠሩት አዳዲሶቹ ግን በጥቂት ሚሊዋት ስለሚግሉ በባትሪ ይሠራሉ። ሙቀቱን ቀንሰው በአልትራቫዮሌት ብርሃን ለማንቃት የሚሞክሩም አሉ። የትኛው ጋዝ መሆኑን የመለየቱ ችግር የተቃለለው በሌላ መላ ነው፤ የተለያየ ኦክሳይድ ያላቸውን በርካታ ዳሳሾች ጎን ለጎን ማስቀመጥና የሁሉንም ምላሽ አንድ ላይ በኮምፒውተር ማንበብ። ይህን ስብስብ «አሽታች» ብንለው አልከራከርም። እርጥበት ግን ነጠላውንም ስብስቡንም ያሳስታል፤ የውሃ ተኑም የሚያርፈው ኦክስጅን በሚለጠፍበት በዚያው ገጽ ላይ ነውና።