ከመንገዱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት

ባለፈው ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። እንደ ወትሮው ስለ እናቷ ጉልበት፣ ስለ ዶላር ምንዛሪ፣ ማን አገባ ማን ፈታ ካወራን በኋላ «ቤት ልቀይር ነው» አለችኝ። ሰፋ ያለ ቤት አግኝታ መስሎኝ ደስ አለኝ። «ኧረ ይኸኛው ይጠባል፣ ኪራዩም ይብሳል» አለች። «ታዲያ ምን አሳበደሽ?» ስላት «መንገዱን ልሻገር ነዋ!» ብላ ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሁን ያለችበት አፓርትማና የምትገባበት አፓርትማ የሚለያዩት በአንድ መንገድ ነው። መንገዱ መሐል ግን በዓይን የማይታይ፣ በካርታ ላይ ብቻ ያለ መስመር አለ። ከመስመሩ ወዲህ የሚኖር ልጅ አንድ ትምህርት ቤት ይመደባል፣ ወዲያ የሚኖረው ሌላ። ልጇ በሚመጣው ዓመት አንደኛ ክፍል ትገባለች።

እኛ አዲስ አበባ ያደግነው ይህ ትንሽ ይገርመናል። እዚህ ገንዘብ ያለው ወላጅ ልጁን በሰርቪስ ጭኖ ከተማውን አቋርጦ ወደፈለገው የግል ትምህርት ቤት ይልካል። እዚያ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ነው ይባላል እንጂ ክፍያው የቤት ኪራይ ውስጥ ተደብቋል። የቤት አድራሻህ ደረሰኝህ ነው ማለት ይቻላል።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «ይህን መስመር ማን አሰመረው?» የሚለው አልለቀቀኝም። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ በየማዕዘኑ የሐበሻ ምግብ ቤት የሚገኝባት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ መሬቱን የሸነሸኑት ባለሀብቶች በሽያጭ ውሉ ላይ «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» የሚል አንቀጽ ያስገቡ ነበር። ጥቁሮች የቤት ሠራተኛ ሆነው ማደር ይፈቀድላቸዋል፤ ጎረቤት መሆን ግን አይችሉም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ሊፈጸም አይችልም እስኪል ድረስ ይህ ሕጋዊ ነበር። እዚያው አጠገብ ሊተንስቪል የምትባል የጥቁሮች ሰፈር አለች። አንድ ነጻ ጥቁር በ1853 በገዛው መሬት ላይ የተቆረቆረች ናት። ከነጮቹ ሰፈር የሚለያት የባቡር ሐዲድ ሲሆን፣ በላዩ ያለችው የታልበት ጎዳና ድልድይ ነዋሪዎቿ ለዘመናት የተመላለሱባት መሸጋገሪያ ነበረች። አሮጌዋ ድልድይ መቶ ዓመቷን ደፍና በ2019 ለአዲስ የባቡር መስመር ሥራ ፈርሳለች። የሊተንስቪል መንገዶች የዙሪያዋ ሰፈሮች አስፋልት ከለበሱ ከብዙ ዓመታት በኋላም አፈር ነበሩ።

ትምህርት ቤቱም እንደዚያው በቀለም የተለየ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለጥቁር ተማሪዎች በ1951 ሮክቪል ላይ ካርቨር የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታዋቂው የብራውን ጉዳይ በዘር የተለየ ትምህርት ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ካርቨር በ1960 ተዘጋ። ሕንጻውን ምን አደረጉት መሰላችሁ? የትምህርት ቦርዱ ዋና መሥሪያ ቤት አደረጉት! ለአስርት ዓመታት ማን የት ይማር የሚለው መስመር ሲሰመርና ሲሰረዝ የኖረው ያ በቀለም ለተለዩ ልጆች የተሠራ ቤት ውስጥ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። «ጥቁር ልጅ እዚህ አይማርም» የሚለው ሕግ ቢሻርም «ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ይማር» የሚለው ቀረ። ሁለተኛው ንግግር ምን ክፋት አለው? ሲሰሙት እናትነት ያለው ነው። ሰፈሩ ግን አስቀድሞ በውልና በዋጋ ተለይቷል። ስለዚህ ማንም ክፉ ቃል ሳይናገር ቤቱ ራሱ የድሮውን ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ይህን ከሁሉ በላይ ያሳየችው ዲትሮይት ናት። እዚያ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች በአብዛኛው የጥቁር ልጆች ብቻ ስለሆኑ በከተማዋ ውስጥ ብቻ ማደባለቅ ትርጉም የለውም፤ በዙሪያዋ ያሉ 53 የትምህርት ወረዳዎችም ይግቡ የሚል ሐሳብ አመጣ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በሐምሌ 1974 አምስት ዳኞች ለአራት በሆነ ድምፅ፣ የከተማ ዳር ወረዳዎቹ ራሳቸው አድልዎ መፈጸማቸው ካልተረጋገጠ መስመሩን ተሻግሮ ልጅ ማንቀሳቀስ አይቻልም ተባለ። የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል ከተቃወሙት አራቱ አንዱ ነበሩ። በብራውን ጉዳይ ከሃያ ዓመት በፊት ጠበቃ ሆነው የተሟገቱት እሳቸው ነበሩ። ያሸነፉት ጉዳይ በወረዳ ድንበር ላይ ሲቆም ማየት ምን ይሰማ ይሆን?

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ነጭ ወላጅ የሚያደርገውን አወቀ። ከፍርድ ቤት ለማምለጥ መስመሩን ተሻግሮ ቤት መግዛት በቂ ነው።

እኔን የሳበኝ ግን በዚያው በ1974 የአክስቴ ልጅ በምትኖርበት ካውንቲ ሥራ ላይ የዋለ ሌላ ሕግ ነው። ዲትሮይት ላይ ልጆቹን ወደ ቤቶቹ መውሰድ ተከለከለ። ሞንትጎመሪ ላይ ደግሞ ቤቶቹን ወደ ትምህርት ቤቶቹ ማምጣት ተጀመረ። የሴት መራጮች ማኅበርና የፍትሐዊ መኖሪያ ተሟጋቾች ዓመታት ጎትጉተው፣ የካውንቲው ምክር ቤት የአስተዳዳሪውን ተቃውሞ ሽሮ ነው ያጸደቀው። ሕጉ ሲጀመር እንዲህ ይል ነበር፤ 50 ወይም ከዚያ በላይ ቤት የሚሠራ ሪል ስቴት ከመቶው 15ቱን መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው በሚችለው ዋጋ ያቅርብ፤ በምትኩ በመሬቱ ላይ ከሚፈቀደው በላይ ተጨማሪ ቤት እንዲሠራ ይፈቀድለታል። ነጋዴው አልከሰረም፤ ካውንቲውም ከካዝናው ብዙ አላወጣም።

ከዚህ ሁሉ ግን ቁም ነገሩ ሌላ አንቀጽ ላይ ነው። የካውንቲው የቤቶች ኤጀንሲ ከእነዚህ ቤቶች እስከ ሲሶ ድረስ ገዝቶ ለድሆች ማከራየት ይችላል። በእኛ ቋንቋ የቀበሌ ቤት በሉት። ይኸኛው የቀበሌ ቤት ግን ቪላ በተደረደረበት ሰፈር መሐል፣ ከውጭ ሲያዩት ከጎረቤቱ የማይለይ ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ስንል የምናስበው ከከተማ ዳር የተሰለፈ ብሎክ ነው። እነዚህ ግን ዕጣ የወጣለትን ሰው ወደ ዳር አላወጡትም፤ ወደ መሐል አስገቡት።

ሌላም ዕድል ነበራቸው። በሜሪላንድ የትምህርት ወረዳ ማለት ካውንቲው በሙሉ ነው። ወደ 160 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ፣ ከ200 በላይ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቦርድ። ዲትሮይትን ያቆማት ዓይነት የወረዳ ግንብ በካውንቲው ውስጥ የለም። ያለው የቦርዱ እርሳስ ብቻ ነው።

እርሳሱ ምን ማድረግ እንደሚችል ያሳየው ሮዝመሪ ሂልስ ነው። ሊተንስቪል አጠገብ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲሆን በ1970ዎቹ በአብዛኛው የጥቁርና የድሃ ልጆች መማሪያ እየሆነ ሄደ። ቦርዱ በ1976 አንድ ዘዴ ፈጠረ። ከሀብታሟ ቼቪ ቼዝ ጋር አጣመረው። የሁለቱም ሰፈር ትንንሽ ልጆች እስከ 2ኛ ክፍል ሮዝመሪ ሂልስ ይማራሉ፤ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ወደ ቼቪ ቼዝ ይሄዳሉ። ማለትም የሀብታሙም ልጅ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ የድሃውም። ቀላል አልነበረም። በ1981 አዲስ የተመረጠው ቦርድ ሮዝመሪ ሂልስን ልዝጋው አለ፤ ወላጆች ይግባኝ ብለው የስቴቱ ቦርድ በ1982 ውሳኔውን ሻረው። ትምህርት ቤቱ ዛሬም የትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ሆኖ አለ። አሁን ስናየው ቀላል ይመስላል፤ ያን ጊዜ ግን ውሳኔው ባይሻር ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራም ነበር።

«ይሁን፣ ግን ልጆቹ ተጠቀሙ?» የሚል ተጠራጣሪ አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። ሄዘር ሽዋርትዝ የምትባል ተመራማሪ በ2010 ያሳተመችው ጥናት ለዚህ መልስ አለው። የቤቶች ኤጀንሲው ድሆችን ቤት የሚመድበው በዕጣ መሰል አሠራር ስለሆነ፣ ጎበዙ ወላጅ ጥሩ ሰፈር መረጠ የሚለው ጥርጣሬ ይቀንሳል። 850 የሚሆኑ የመንግሥት ኪራይ ቤት ልጆችን ከ2001 እስከ 2007 ተከታተለች። ካውንቲው በዚያው ጊዜ ድሃ ልጅ ለበዛባቸው ትምህርት ቤቶች በተማሪ ወደ 2 ሺህ ዶላር ጭማሪ ይመድብ ነበር፤ ክፍሎቹም አነስ ይሉ ነበር። ውጤቱስ? ድሃ ልጅ ጥቂት በሆነበት ትምህርት ቤት የገቡት፣ ገንዘብ ከተጨመረላቸው እኩዮቻቸው በልጠው ተገኙ። የመጀመሪያ ደረጃን ሲጨርሱ በእነሱና ድሃ ባልሆኑት የካውንቲው ተማሪዎች መካከል የነበረው ልዩነት በሒሳብ በግማሽ፣ በንባብ በሲሶ ጠበበ። ግን በአንድ ዓመት አልታየም። ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ነው ጎልቶ የወጣው። ቤት ተከራይቶ በየዓመቱ ለሚባረር ቤተሰብ ይህ ጥቅም አይደርሰውም። ልጁ እዚያው መቆየት አለበት፤ ለመቆየት ደግሞ ኪራዩ መቻል አለበት።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ነገሮች የሚጣመሩት። ቤቱ ቢሠራም መስመሩ ዞር ተደርጎ ተሰምሮ ድሆቹን ሁሉ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ከጠቀለላቸው ሕጉ ባዶ ነው። መስመሩ የቱንም ያህል ፍትሐዊ ቢሆን ደግሞ ከመስመሩ ውስጥ ድሃ የሚችለው ቤት ከሌለ ያው ነው። ሞንትጎመሪ በሁለቱም ተንሸራትታለች። የመጀመሪያው ሕግ ቤቶቹን በቅናሽ ዋጋ ያሰረው ለ5 ዓመት ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ በገበያ ዋጋ ይሸጣል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች እንዲሁ ከፕሮግራሙ ወጡ። ቆይቶ በ2005 ለሚሸጠው 30፣ ለሚከራየው 99 ዓመት ተደረገ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል እንዲህ ነው።

መስመሩስ? ቦርዱ በ2018 ፖሊሲውን ሲያሻሽል የተማሪዎች ስብጥር ትልቅ ክብደት እንዲሰጠው አደረገ፤ በ2019 መጀመሪያ ደግሞ የካውንቲው መስመሮች በሙሉ እንዲጠኑ ወሰነ። ሐሳቡን ያመጣችው የቦርዱ የተማሪ አባል ነበረች። (አዎ፣ እዚያ ቦርድ ላይ ድምፅ ያለው ተማሪ አለ። ለእኛም በተመኘሁት።) ከዚያ የሆነው ሆነ። አዳራሽ ሞላ፣ ወላጅ በወላጅ ላይ ጮኸ። ጽሕፈት ቤቱ ማስታወቂያዎቹን ከሚያወጣባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ስለሆነ የእኛም ሰዎች ጉዳዩ አላመለጣቸውም።

የጮኹትን ሁሉ ዘረኛ ማለት አይቻልም። ለሠላሳ ዓመት ብድር የገባው ሰው ቤቱን ሲገዛ ትምህርት ቤቱንም የገዛ መስሎታል፤ ሻጩም እንዲያ ነው የነገረው። ስህተቱ መስመሩን እንደ ወንዝ ወይም እንደ ተራራ የተፈጥሮ አድርጎ ማየቱ ነው። ሰው በስብሰባ ያሰመረውን ሰው በስብሰባ ያነሳዋል። የሚገርመው ደግሞ መስመሩን አጥብቆ የሚከላከለው ብዙ ጊዜ ከውስጡ የተወለደው ሳይሆን ትናንት በመከራ የተሻገረው ነው።

ይህን ሁሉ አንብቤ ለአክስቴ ልጅ መልሼ ደወልኩ። የካርቨርን ሕንጻ፣ የሮዝመሪ ሂልስን አውቶቡስ ነገርኳት። ድልድዩን ታውቀዋለች፣ ከመፍረሱ በፊት በእግሯ ተሻግራበታለች። ከዚያ ጠየቅኳት። «አንቺ መንገዱን ከተሻገርሽ በኋላ ቦርዱ መስመሩን ቢያነሳው፣ የአሁን ጎረቤቶችሽ ልጆች ከልጅሽ ጋር ቢመደቡ ትደግፊያለሽ?»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» ስል፣ «አለሁ» አለችኝ። «መጀመሪያ ኮንትራቱን ልፈርም።»